ይለካ የልጁን ፈተና ሲለካ

በመስታወት ቤቱ ደጃፍ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሙን ሳይሆን ቅጽል ስሙን ነው። «ይለካ» ይሉታል። መስታወት ሊያስቆርጥ የመጣ ደንበኛ የመስኮቱን ልክ በወረቀት ጽፎ ሲሰጠው ወረቀቱን በአክብሮት ይቀበላል፤ አጥፎ ኪሱ ይከታል፤ ከዚያ «ጥሩ፤ አሁን ይለካ» ብሎ ሜትሩን ይዞ ይነሣል። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ ቢል፣ ወንድሜ መሐንዲስ ነው ቢል ለውጥ የለውም። መስኮቱ ድረስ ሄዶ ሦስት ቦታ ይለካል፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች። ሦስቱ ልክ እኩል የሆኑበት መስኮት በሃያ ዓመት ውስጥ አራት ብቻ እንዳጋጠመው ይናገራል። አራቱንም ደግሞ ለክቷቸዋል።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሥራ ተቋራጭ ለአዲስ ሱቅ ስድስት ትልልቅ መስታወቶች አዘዘው። ተቋራጩ መሰላል ላይ ሆኖ ልኩን እየጮኸ ነገረው፤ እሱ ጻፈ፣ ቆረጠ። ሊገጠሙ ሲሉ ስድስቱም በአንድ ጣት ረዝመው አልገባ አሉ። ሊያሳጥራቸው ሲሞክር ሁለቱ ተሰነጠቁበት። ሰው ሁሉ ጥፋቱ የቆራጩ ነው አለ። ከሳምንት በኋላ የተቋራጩን ሜትር ሲያየው ጫፉ ተሰብሮ የመጀመሪያው ሳንቲም ሜትር የለም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ሥራ መመሪያ ያዘው። ዛሬ ሦስት ሜትሮች አሉት፤ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ጎን ለጎን ዘርግቶ እርስ በርስ ያመሳክራቸዋል። የማዕዘን መለኪያዋን ብረት፣ ስኳድራዋን፣ በአንድ ፊቷ ካሰመረባት በኋላ ገልብጦ በሌላው ካላሰመረባት አያምናትም።

ጥርጣሬው ከመስታወት ቤቱ ወጥቶ መኖሪያ ቤቱም ገብቷል። የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ከኋላው ቆሞ አብሮ ያነባል። ሐኪም ያዘዘውን ሽሮፕ በማንኪያ ሳይሆን በሚሊሊትር ይሰጣል። አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራው ሚስቱ «እኔንም ሲያገባኝ ሦስት ቦታ ለክቶ ነው» ትላለች፤ እንግዳ ባለበት ስትል ይቆጣል፣ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ ይስቃል።

የማይጠረጥረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጁ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ጉንጮ ይሏታል። ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ መስታወት ቤቱ ትመጣለች፤ የስቱኮ ጣሳ ገልብጣ ትቀመጥና የንባብ መጽሐፏን ታነብለታለች። እሱ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ እየቆረጠ ይሰማታል። ድምጿ ጥርት ያለ ነው፤ አትደናቀፍም። መስታወት ሲቆረጥ ዓይን አይነሣም፤ ስለዚህ ጆሮውን ብቻ ነበር የሚሰጣት።

በሁለተኛው ሴሚስተር ዋዜማ፣ አንድ ሰኞ፣ ልጅቷ ፖስታ ይዛ መጣች። ፖስታው ታሽጓል። ይለካ የታሸገ ነገር አይወድም፤ የሚታሸገው እንዳይታይ ነው ብሎ ያምናል። በመስታወት መቁረጫው ጫፍ ቀደደው። ደብዳቤው አጭር ነበር፦ ልጅዎ በተሰጣት የዓይን ማስተዋልና የእጅ ቅንጅት ፈተና ከሚጠበቀው በታች አግኝታለች፤ ዓይኗና እጇ እስኪቀናጁ ለአንድ ዓመት ወደ ድጋፍ ክፍል ትዛወራለች፤ በዚህ ጊዜ የንባብ ትምህርት አይሰጣትም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ፈርመው ይመልሱ።

«ምን ይላል?» አለች ልጅቷ።

«አላነበብሽውም?»

«ታሽጎ ነበር'ኮ።»

ልክ ናት አለ በልቡ። ደብዳቤውን ጎረቤቱ ላለው ፍሬም ሠሪ ወስዶ አሳየው። ፍሬም ሠሪው ጸጉሩ የነጣ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ፣ ለሰው ነገር የማይቸኩል ሽማግሌ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበውና መለሰለት።

«እንግዲህ ዓይኗና እጇ ሆድና ጀርባ ናቸው ነው የሚሉህ።»

«የኔ ልጅ? ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ያንተን ፍሬም ጠማማነት ከመንገድ ማዶ ሆና ነው የምትለየው።»

«የኔ ፍሬም ጠማማ አይደለም። ግድግዳው ነው።»

«መምህርቷ ሃምሳ ሁለት ልጅ አላት። ሃምሳ አንድ ብታደርገው ትጠላለች?»

«አንተ ሰው» አለ ሽማግሌው መነጽሩን እያወለቀ፣ «ፀሐይ ብትወጣ በየት በኩል እንደወጣች ሳታጣራ አትሞቃትም።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ደብዳቤውን አልጋው ላይ ዘረጋላት። ስታነብ ፊቷን አየው፤ ያልገረመው ሰው ፊት ነበር።

«ይኼን ፈተና መቼ ነው የፈተኗት?» አላት።

«ባለፈው ወር።»

«በምን አወቅሽ?»

የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «ፈቃድ ጠይቀው ነበር። ፈረምኩ።»

«ሳትነግሪኝ።»

«ብነግርህ ኖሮ የምትፈተነው ልጅቷ ነበረች ወይስ ፈታኟ?»

ሚስቱ ሸሚዙን መልሳ አነሣችው። «እኔ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የተሳሳተ ካርድ ስንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን አብዛኛው ካርድ ልክ ነው። ደግሞ አንድ ነገር አለ።»

«ምን?»

«ምን እንደሆነ አላውቅም። የሚገዛ ነገር ጽፌ ስሰጣት፣ ወረቀቱን ለባለሱቁ አንብብልኝ ብላ ትሰጠዋለች። ራሷ አታነብም።»

«ታፍራለች፤ ልጅ አይደለችም እንዴ? ለኔ'ኮ በየቀኑ ታነብልኛለች።»

«ይሁን» አለች ሚስቱ። እንዲህ ስትል ነገሩ እንዳልተዋጠላት ያውቃል።

ያን ሳምንት ሙሉ ይለካ የልጁን እጅ በዓይኑ ተከተለ። ቁልፍ ስትቆልፍ፣ እርሳስ ስትቀርጽ፣ ውኃ ስትቀዳ አያት። ጠብታ አላፈሰሰችም። ነገር ግን የአባት ዓይን ምን ያህል እንደሚታመን ራሱንም ጠረጠረ። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ፍሬም ሠሪውን አስቸገረው። እሱና ልጅቷ ውጭ ጀርባቸውን ሰጥተው ሲቆሙ ሽማግሌው አሥር ፍሬሞች ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ከአሥሩ ጥቂቱን ብቻ በትንሹ ያዘምማል፤ የትኞቹን እንዳዘመመ በወረቀት ይጽፋል። ልጅቷ ገብታ ጠማማዎቹን ታሳያለች። ይለካ ራሱ እንዳይጠቁማት ደጅ ቀረ።

ሽማግሌው ብቅ አለ። «አራት ነበር ያዘመምኩት።»

«ስንት አገኘች?»

«አምስት።»

«አንዱን ተሳሳተች።»

«አልተሳሳተችም። አምስተኛውን ለካሁት፤ እሱም ጠማማ ነው። እኔ ነኝ ሳላውቅ ያጣመምኩት።» ሽማግሌው ይህን ሲናገር ደስ ያለው አይመስልም።

ሰኞ ዕለት ይለካ ሦስቱን ሜትሮች አመሳከረ፤ የተሻለውን ከስኳድራው ጋር ኮቱ ኪስ ከትቶ ትምህርት ቤት ሄደ።

ወደ ቢሮ ከመግባቱ በፊት ድጋፍ ክፍል የሚሉትን ማየት ፈለገ። ከሕንጻው ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ከተከመሩበት አጠገብ ያለ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ አየ። አሥራ አንድ ልጆች በሦስት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ገሚሶቹ ዶቃ በሽቦ ይሰካሉ፤ ገሚሶቹ በሁለት መስመሮች መካከል መስመሩን ሳይነኩ በእርሳስ ይሄዳሉ። አንዲት ሴት በር ሥር ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። አንድ ልጅ ዶቃውን ሞልቶ ሽቦውን አነሣ፤ ሴትዮዋ «ጎበዝ» አለችና ዶቃውን ጠረጴዛው ላይ አራገፈችው፤ ልጁ እንደገና ጀመረ። መደርደሪያው ላይ መጻሕፍት አሉ። ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነው። የመስኮቱ መስታወት ደግሞ አጥሯል፤ ክፍተቱን በካርቶን ደፍነውታል። ይለካ ካርቶኑን ሲያይ ስለ ክፍሉ የነበረው ጥርጣሬ ወደ እርግጠኝነት ተጠጋ።

ፈታኟ ወጣት ሴት ናት። ሦስት ትምህርት ቤቶችን የምታዳርስ፣ ቦርሳዋ በወረቀት የተወጠረ፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ ባለሙያ ናት። ይለካ የጠበቀው ሌላ ዓይነት ሰው ነበር፤ ቢሆንም በድካሟ አልተታለለም።

«የልጄን የፈተና ወረቀት ማየት እፈልጋለሁ፣ ወይዘሪት።»

«ውጤቱ በደብዳቤው ላይ ተገልጿል።»

«ውጤቱን አይደለም። ወረቀቱን።»

ለአፍታ አየችውና ከፋይሉ አወጣችው። ፈተናው ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ቅርጾች ታትመዋል፤ ክብ፣ መስቀለኛ፣ አራት ማዕዘን፣ ሦስት ማዕዘን፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ቅርጽ ሥር ባዶ ሳጥን አለ። ልጁ ከላይ ያየውን ከታች ይሥላል። ከዚያ ፈታኟ ትክክለኛዎቹ ቅርጾች የታተሙበትን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በልጁ ሥዕል ላይ ታደርጋለች፤ ሥዕሉ ከተፈቀደው ድንበር ከወጣ ዜሮ።

ፕላስቲኩን አደረገችው። «ይኸው፤ ክቡ ክብ አይደለም፣ እንቁላል ነው። አራት ማዕዘኑ ወደ ቀኝ ዘምሟል። ከዘጠኝ ሦስት ብቻ ነው ያገኘችው። አባት፣ ይህ ማለት ልጅዎ አትችልም ማለት አይደለም፤ ያየችውን እጇ ገና...»

«ፕላስቲኩን ያንሡት።»

አነሣችው። ይለካ ሜትሩን አወጣ። ፈታኟ አንድ ሰው ቢሮዋ ውስጥ ሜትር ሲመዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታይ አልቀረችም፤ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበች። የለካው የልጁን ሥዕል አልነበረም። ከላይ የታተመውን ክብ ነበር።

«ወርዱ አርባ ሚሊሜትር» አለ። ሜትሩን አዞረው። «ቁመቱ ሠላሳ ስድስት። ክብ የሚሉት ይኼን ነው?»

ስኳድራውን ታትሞ ባለው አራት ማዕዘን ጥግ አስቀመጠ፤ ገልብጦም አስቀመጠ። በሁለቱም በኩል ከላይኛው ጥግ ላይ ቀጭን ነጭ ክፍተት ታየ። ከዚያ ብቻ ወደ ልጁ ሥዕል ወረደ። «ሠላሳ ዘጠኝ በሠላሳ ስድስት። የሚታየውን ሣዪ አላችኋት፤ የታየውን ሣለች። ያጠፋችው ምኑን ነው?»

ፈታኟ ፕላስቲኩን አንሥታ በልጁ ሥዕል ላይ ሳይሆን በታተመው ቅርጽ ላይ አደረገችው። የታተመው ክብ ራሱ ከድንበሩ ወጣ። ወረቀቱ ራሱን ቢፈተን ይወድቅ ነበር።

«ዋናው ጥራዝ አምና ነው ያለቀው» አለች ዝግ ብላ። «ጸሐፊዋ ከቅጂ ላይ ቅጂ እያነሣች ነው የምትሰጠኝ። ማሽኑ ከወረቀቱ ጋር ሲያስማማው እያሳጠረውና እያዘመመው ይመስለኛል።»

«ይመስልዎታል።»

«እያሳጠረውና እያዘመመው ነው» አለች።

ፋይሉን ከፈተችና ያለፉትን ልጆች ወረቀት ደረደረች። ይለካ አጎንብሶ አያቸው። ከእንቁላሉ ሥር ሁሉም እንከን የሌለው ድንቡሽቡሽ ክብ ሥለዋል።

«እነዚህስ እንዴት አለፉ?» አለ።

«ክብ መሣል ስለሚያውቁ» አለች ፈታኟ። ድምፅዋ ለራሷ የምታወራ ሰው ድምፅ ሆነ። «አንዴ ገረፍ አድርገው አዩና የሚያውቁትን ሣሉ። ወረቀቱን በደንብ ያዩት የወደቁት ናቸው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አመስግኖ ይወጣ ነበር። ይለካ ግን የተናገረችውን እንድትጽፍለት ጠየቀ። ጻፈች። ማኅተም ጠየቀ። ማኅተም ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ነው አለችው፤ ሄዶ አስመታ። ከዋናው ጥራዝ የተወሰኑ ወረቀቶች በሌላ ትምህርት ቤት መሳቢያዋ ውስጥ እንደቀሩ ነገረችውና ረቡዕ አምጥታ ልጅቷን እንደገና ልትፈትናት ተስማሙ። ረቡዕ ዕለት ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ይለካ ወረቀቱን ለካው። አርባ በአርባ ነው። ጉንጮ ከዘጠኝ ስምንት አገኘች፤ ይህንንም አስጽፎ ማኅተም አስመታበት።

«ዓይኗም እጇም ደህና ነው» አለች ፈታኟ፣ ልጅቷ ወደ ክፍሏ ከሄደች በኋላ። «እንዲያውም ከደህና በላይ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መምህርቷ ወደኔ የላከቻት አታነብም ብላ ነው። ዓይኗ ደህና ከሆነ ለምንድን ነው የማታነበው?»

«ታነባለች። በየቀኑ ለኔ ታነብልኛለች።»

«ምን?»

«መጽሐፏን ነዋ።»

«ስታነብ ያዩዋታል?»

ይህ ጥያቄ እንዳበሳጨው፣ መንገድ ላይም እንዳልለቀቀው ኋላ ለሚስቱ ነግሯታል። በሃያ ዓመት ውስጥ ሰው የሰጠውን ልክ ደግሞ ያልለካበት ቀን የለም፤ ያላየውን ነገር አየሁ ብሎም አያውቅም። ግን ምን ብሎ ይመልስ? ሰምቷታል እንጂ አላያትም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ጣሳውን ገልብጣ ተቀመጠችና መጽሐፏን ከፈተች። ታሪኩ በጎርፍ ስለተወሰደ ድልድይና ማዶ ስለቀረ ውሻ ነው። ይለካ መቁረጫውን አስቀመጠ። እጁን ጠረገ። ድምፅ ሳያሰማ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ።

ጣቷ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር። አፏ ግን ውሻው ውኃው ዳር ቆሞ የሚጮኽበት ላይ ደርሷል፤ ያ ደግሞ የተጻፈው ስድስተኛው መስመር ላይ ነው። ጣቷ በሰላም፣ ያለ ጥድፊያ፣ በሚያማምሩት ፊደላት ሥር ይሄዳል። ይለካ መዳፉን ገጹ ላይ አሳረፈ። መጽሐፉ ተሸፈነ። ልጅቷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ቀጠለች፤ ውሻው እንጨት አገኘ፣ እንጨቱ ላይ ወጣ። ከዚያ የሆነው ገባትና አቆመች።

«አባዬ፣ እጅህን አንሣ።»

«ካለሱም እያነበብሽ አይደል?»

ቀና ብላ አላየችውም።

«ማነው ያስጠናሽ?»

«ቲቸር ስታነብ እሰማለሁ። ከዚያ አብራኝ የምትቀመጠዋ መንገድ ላይ ትደግምልኛለች። እኔ ሥዕል እሥልላታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአንደኛ ክፍል።»

ይለካ ከሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መንገድ ላይ መኪና አለፈ፤ የተደረደሩት መስታወቶች ለአፍታ ተንቀጠቀጡ። «ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትለካኛለህ ብዬ» አለች።

ልጅቷ መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ እሱ መጥረጊያ አንሥቶ ወለሉን ጠረገ፤ ተጠርጎ የነበረውን ደግሞ ጠረገ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን አንድም መስታወት ሳይሰብር ዋለ፤ ይህ ግን ሥራው ላይ ስለነበረ አልነበረም፤ አንድም ስላልቆረጠ ነው። ኪሱ ውስጥ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ። የልጅቷ ዓይንም እጅም ደህና መሆኑን የሚመሰክር ነው። ወረቀቱን ቢያቀርብ ትምህርት ቤቱ ሊያዛውራት የሚችልበት ምክንያት የለም። ጉንጮ ከክፍሏ አትነሣም። ውሻውን ትሸመድዳለች፣ ከዚያ ሌላ ታሪክ ትሸመድዳለች፤ ሦስተኛ ክፍል፣ አራተኛ ክፍል። መጻሕፍቱ እየወፈሩ ይሄዳሉ። አብራት የምትቀመጠዋ አንድ ቀን ቦታ ትቀይራለች። ወረቀቱን ትቶ ልጄ አታነብም ቢል ደግሞ በገዛ አፉ ለድጋፍ ክፍሉ አሳልፎ ሰጣት። ዶቃው ታየው፤ ሴትዮዋ ስታራግፈው ታየው።

ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ አልደነገጠችም።

«ስለ ሱቁ ወረቀት የነገርኩህ ትዝ ይልሃል?»

«ይለኛል።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«መምህርቷን አላምናትም» አለ።

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሁለቱም ሄዱ። መምህርቷ ሰሌዳ እያጠፋች ነበር፤ በጉልምስና ዕድሜ ያለች፣ ድምፅዋ ከሃምሳ ሁለት ልጆች ጋር ሲሟገት የሻከረ ሴት ናት። ጉንጮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ይለካ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሰጣት። መምህርቷ አነበበችው።

«እንግዲህ ዝውውሩ ቀረ» አለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ሚስቱ አየችው፤ ልጁም አየችው።

«ልጄ አታነብም» አለ። «በቃሏ ነው የምትይዘው። እኔም አላወቅኩም።»

መምህርቷ የሰሌዳ መጥረጊያውን አስቀመጠች። «እጠረጥር ነበር» አለች።

«እርስዎም?»

«ለዚያ ነው ወደ ፈተናው የላክኋት። ያለን ፈተና እሱ ብቻ ነው። ያለን ክፍልም እሱ ብቻ ነው።»

«ዶቃ መሰካት ማንበብ ያስተምራል እንዴ?»

«ዶቃ መሰካት ያስተምራል» አለች መምህርቷ፣ ሳትስቅ። ከዚያ ልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «ጉንጮ፣ እንጫወት። ሰሌዳና ሰዓት፣ ሲጀምሩ አንድ ዓይነት ናቸው?»

ልጅቷ ሰሌዳውን አየች፤ ከበላዩ ያለውን ሰዓት አየች። «አዎ።»

«እንዴት?»

«ሁለቱም ግድግዳ ላይ ናቸው።»

«ሰሌዳና ሰኞስ?»

አሰበች። «አይደሉም። ሰኞ አይሰቀልም።»

የሚስቱ አፍ ፈገግታ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። መምህርቷ ቀጠለች። «ወንበር በይ።»

«ወንበር።»

«አሁን ‹ወን›ን ተዪና የቀረውን ብቻ ንገሪኝ።»

ልጅቷ የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ ታች አየች፤ አንድ እግሩ ተነቅሎ የሚቀረውን የምትፈልግ ትመስል ነበር። ረጅም ጊዜ ወሰደች። «ወንበር» አለች በመጨረሻ።

ይለካ መልሱን ገና ጥያቄው ሳያልቅ በልቡ ብሎት ነበር። ልጁ ከመንገድ ማዶ የሁለት ሚሊሜትር መዝመም ታያለች፤ ቃል ግን ስትሰማው መገጣጠሚያ የሌለው አንድ ግንድ ነው። ይህን የሚለካበት መሣሪያ ኪሱ ውስጥ አልነበረውም።

«ችግሩ ዓይኗ ላይ አይደለም» አለች መምህርቷ። «ድምፅ ከድምፅ አትለይም፤ ስለዚህ ፊደሉ ለእሷ ሥዕል ነው። ይህ በትምህርት ይስተካከላል፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ከደወሉ በፊት ጠዋት ግማሽ ሰዓት አለኝ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትችል።»

«ሃምሳ ሁለት ልጅ ይዘው?» አለ ይለካ። «ከሳምንት በኋላ አይሰለቹም?»

ሚስቱ ክንዱን ነካችው። መምህርቷ ግን አልተቀየመችም። «መጥተው ይዩ» አለችው። «በር አይዘጋም።»

የዝውውሩን ደብዳቤ ሳይፈርም መለሰ። ከጀርባው ግን በራሱ እጅ ጻፈበት፤ ልጄ ገና አታነብም፣ ከክፍሏ ሳትነሣ በድምፅ ትማር። ሲጽፈው ጉንጮ በትከሻው ላይ አይታ «ምን አልክ?» አለችው፤ ያለውን አነበበላት።

ሄዶ አየ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድም ጠዋት አልቀረም፤ ከክፍሉ ኋላ በትንሽ ወንበር ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀመጠ። መምህርቷ አልቀረችም። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ዘገየች፤ ሰዓቱን አየ፣ አልተናገረም። ፈታኟ የድጋፍ ክፍሉን ልጆች በዋናው ወረቀት ደግማ እንደፈተነችና አራቱ ወደየክፍላቸው እንደተመለሱ ሰማ። የሰባቱን ወረቀት አሳዪኝ ብሎ ጠየቃት፤ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው አለችው። ልክ ናት። ቢሆንም ሲያልፍ በመስኮቱ ያያል፤ አጥሮ የነበረውንም መስታወት ማንም ሳያዝዘው ለክቶ ቆርጦ ገጠመው። መደርደሪያው ላይ ያሉት መጻሕፍት ፊታቸው አሁንም ወደ ግድግዳው ነው።

በስድስተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ጉንጮ ወደ መስታወት ቤቱ መጣች። አዲስ መጽሐፍ ይዛለች፤ ማንም አንብቦላት የማያውቅ ነው። ይለካ ሥራውን አቁሞ ከጎኗ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ቃል ከፋፍላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ መልሳ ገጣጥማ አወጣችው። ሁለተኛውን ሦስት ጊዜ ሞከረችው፤ በሦስተኛው ያዘችው። ሽማግሌው ፍሬም ሠሪ ሙጫ ሊዋስ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ይለካ በእጁ ጠብቅ አለው። ሦስተኛው ቃል ላይ ጣቷ ቆመ። ወደ ሥዕሉ አላየችም። የአባቷንም ፊት አላየችም። ቃሉን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ሄደችበት፤ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ይኼን አላውቀውም» አለች።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይህን ስትል ሰምቷት አያውቅም።

«እሺ» አለ ይለካ። ቃሉን አልነገራትም። ሽማግሌው በሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ ጣቷም ከቃሉ ሥር አልተነሣም።